ሴስና ስትነጥር አፍንጫዋን አይድፉ

ትንሿ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሴስና 172 ማኮብኮቢያውን ነክታ ተመልሳ ስትነሳ የሠልጣኙ እጅ ሳያስብ መሪውን ወደ ፊት ይገፋል። በግድ መሬት ላይ ሊያስቀምጣት ነው። ከስህተቶች ሁሉ ውድ የሚያስከፍለው ይሄ ነው። በዋናዎቹ ጎማዎች ማረፍ ሲገባት በፊት ጎማዋ ታርፋለች፤ እሱ ደግሞ የማረፍን ጫና እንዲሸከም አልተሠራም። አፍንጫዋ እንደገና ወደ ላይ ይወረወራል፣ ሠልጣኙም እንደገና ይገፋል። እያንዳንዱ ንጥረት ካለፈው ይብሳል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ የፊት እግሯ ይታጠፋል፣ ፕሮፔለሩ ከአስፋልቱ ጋር ይጋጫል፤ ሞተሩም ተፈትቶ ይመረመራል። የመጀመሪያው ንጥረት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሰበረም ነበር። ትንሽ ከሆነ አፍንጫዋን ባለበት ይዞ፣ ጥቂት ኃይል ጨምሮ ማሳረፍ ይቻላል፤ ከፍ ካለ ሙሉ ኃይል ሰጥቶ መነሳት ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ቀደም ብሎ ነው፤ «ለጥንቃቄ» ተብሎ በሚጨመር ፍጥነት። በ65 ኖት መምጣት ያለባት በ75 ከመጣች የያዘችው ጉልበት በሲሶ ይጨምራል። ስለዚህ አልወርድ ብላ ትንሳፈፋለች፣ ሠልጣኙ ትዕግሥቱ ያልቅና ይደፋታል።

ተቃራኒው ስህተት በከፍታ ቦታ ይመጣል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት ጠቋሚው 65 ሲል ትክክለኛው ፍጥነት 75 ገደማ ነው። ዝቅ ያለችውን ድሬዳዋን የለመደ ዐይን መሬቱ ሲሮጥበት «ፈጠንኩ» ብሎ ይቀንሳል። ክንፉ ግን የሚታዘዘው ለጠቋሚው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በጣም ከወረደ መሸከሙን ያቆማል።

ዐይንን ከአፍንጫው ሥር መትከልም ከፍታን ያሳስታል፤ የማኮብኮቢያውን ጫፍ ይመልከቱ። የጎን ነፋስ ካለ ደግሞ ጎማው ስለነካ ብቻ መሪውን አይልቀቁ።

የቀረው እልህ ነው። ማረፉን ትቶ መነሳት ሽንፈት የሚመስለው ሠልጣኝ ብዙ ነው፤ አሰልጣኙ አጠገቡ ሲቀመጥ ደግሞ ይብስበታል። ሞተሩ በቦሌ ከፍታ ሩብ የሚጠጋ ኃይሉን ስለሚያጣ ውሳኔው ሊዘገይ አይገባም። ሲነሱም ፍላፑን፣ ከክንፉ ጀርባ ለማረፍ የሚዘረጋውን ክፋይ፣ በአንድ ጊዜ አይሰብስቡ፤ መጀመሪያ ሙሉ ኃይል፣ ከዚያ ፍላፕ ወደ 20 ዲግሪ፣ ቀሪውን መውጣት ስትጀምር ጥቂት በጥቂት።