ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት፦ ሀዲድ ሲዘረጋ ውሃውንና የዱር እንስሳቱን እንዴት እንጠብቅ?

ጥበቃው የሚጀመረው መስመሩ ገና ካርታ ላይ እያለ ነው። ረግረጉንና የእንስሳቱን መራቢያ ዞሮ ማለፍ ከተቻለ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም፤ በኋላ ችግኝ መትከል ይህን አይተካም።

መዞር ካልተቻለ እንስሳቱ በዝናብም በበጋም በየት እንደሚያልፉ አጥኑ። ዱካና ፋንድያ ተከተሉ፣ እረኞችን ጠይቁ። መተላለፊያው መሠራት ያለበት እነሱ በለመዱት መንገድ ላይ እንጂ ለኮንትራክተሩ በሚመቸው ቦታ አይደለም። ይቻላል እኮ! እ.ኤ.አ. በ2006 እስከ ቲቤት ዋና ከተማ ላሳ አገልግሎት የጀመረው የቻይናው የቺንግሃይ–ቲቤት ባቡር መስመር 33 የእንስሳት መተላለፊያዎች አሉት። ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ሀዲዱ የሚያልፈው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ድልድይ ላይ ነው። አጥር ካጠራችሁም ወደ መተላለፊያው የሚመራ ይሁን።

ውሃው ላይ ቅደም ተከተሉን እንዳትስቱ። መጀመሪያ የጎርፍ መቀልበሻው ቦይና የደለል ማጠራቀሚያው ኩሬ ይቆፈራል፣ ምንጣሮው ከዚያ ይቀጥላል። ብዙ ሳይት ላይ የሚደረገው ግን ግልባጩ ነው፤ ኪሎ ሜትሮች ይመነጠሩና አንድ ከባድ ዝናብ ሲመጣ አፈሩ በሙሉ ወንዝ ይገባል፣ ደለሉም ዓሣው እንቁላል የጣለበትን ጠጠር ይደፍነዋል። የምትሠሩበትን ያህል ብቻ መንጥሩ፣ ወንዝ ዳር ያለውን ዛፍና ሣር አትንኩ።

ብዙዎች የሚረሱት ሲሚንቶውን ነው። ቤቶኔራ የታጠበበት ውሃ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው፤ ንጹሕ ውሃ 7 ነው) 12 አካባቢ ስለሚደርስ ትንሽ ጅረት ውስጥ ከገባ ዓሣ ይፈጃል። ስለዚህ ማጠቢያው ውሃ የማያሰርግ ጉድጓድ ይሁን። ነዳጅም ከወንዝ ርቆ፣ ቢፈስ ሙሉውን የሚይዝ ገንዳ ውስጥ ይቀመጥ።

ካልቨርቱን (ውሃው በሀዲዱ ሥር የሚያልፍበትን ቱቦ) ከወንዙ ወለል ዝቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። ጫፉ ከፍ ብሎ ውሃው እንደ ፏፏቴ ከወረደ ዓሣ ሽቅብ መውጣት አይችልም።

ወፎች እንቁላል በሚጥሉበት ወቅት ምንጣሮ አይኑር። ማታ ክፍት የሚያድር ቦይ ካለ፣ የወደቀ እንስሳ የሚወጣበት ዘንበል ያለ ሳንቃ ወይም የአፈር መወጣጫ ይደረግለት።

የውሃውን ድፍርስነት ግንባታው ሳይጀመር ለኩ፤ ከዚያም ከሳይቱ በላይና በታች በየጊዜው፣ በተለይ ዝናብ በጣለ ቁጥር። የታችኛው ከላይኛው በጣም ከደፈረሰ ምንጩ እስኪገኝ እዚያ ቦታ ላይ ሥራ ይቁም፤ ይህን የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰውም ከመጀመሪያው ቀን በውሉ ላይ ይጻፍ።