ጎመን ወይስ ቆስጣ?

ጎመንና ቆስጣ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ቢሸጡም፣ በተለይ በጾም ወቅት ወተትና አይብ ከማዕድ ሲርቁ፣ ለካልሲየም ሲባል ጎመኑን ማስቀደም ይበጃል። ቆስጣ ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት ስለሚይዝና ይኸው ንጥረ ነገር ካልሲየሙን አስሮ ስለሚያስቀር፣ ሰውነት ከቅጠሉ የሚያገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ኦክሳሌቱ አነስተኛ በሆነው ጎመን ውስጥ ያለው ካልሲየም ግን በተሻለ ሁኔታ ወደ ሰውነት ይገባል።

ቆስጣም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ 100 ግራም ጥሬ ቅጠሉ 80 ሚሊግራም ያህል ማግኒዚየም ይይዛል። ሆኖም በዚያው መጠን ውስጥ በተፈጥሮው 200 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ስላለው፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው ሲጨምር እጁን ቢሰበስብ መልካም ነው። በኦክሳሌት ምክንያት የኩላሊት ጠጠር ያስቸገረው ደግሞ፣ ቆስጣ መብላቱ ካልቀረ፣ ቀቅሎ ውኃውን ቢደፋው የኦክሳሌቱ መጠን ይቀንሳል።

ጎመን ግን እንደ ልማዳችን ለረጅም ጊዜ ተቀቅሎ ሲጨመቅ ቫይታሚን ሲው ከውኃው ጋር አብሮ ስለሚፈስ፣ በደቃቁ ከትፎ ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በራሱ እርጥበት ማብሰል፣ ቃሪያውንም ከእሳት ሊወርድ ሲል መጨመር ይሻላል። ሁለቱም በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ስለሆኑ፣ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የሚመገቡትን መጠን በድንገት ከመለወጣቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።