የነርቭ ሕመምን በቆዳ ባዮፕሲ ስንመረምር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እግሩን ሌሊት ሌሊት እንደ እሳት የሚያቃጥለው ሰው የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ይደረግለትና «ምንም የለብህም» ተብሎ ይሸኛል። ያ ምርመራ የሚለካው ወፍራሞቹን ነርቮች ነው። ሙቀትና ሕመም የሚሸከሙት ቀጫጭኖቹ አይታዩበትም። ባዮፕሲው፣ ማለትም ጥቂት ቆዳ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየቱ፣ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደሚያበሽቀኝ ልግባ። ፎርማሊን! ያቺ 3 ሚሊ ሜትር ቆዳ በስንት ጥንቃቄ ትወሰድና ፎርማሊን የሚባለው የናሙና ማቆያ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ጠብ ትደረጋለች። ለዕጢ ምርመራ የተለመደ ስለሆነ ማንም አይጠይቅም። እኛ ግን የምንቆጥረው ወደ ላይኛው የቆዳ ክፍል ድንበሩን አቋርጠው የሚገቡትን የነርቭ ክሮች ነው፣ አንድ በአንድ። ቁርጥራጭ አይቆጠርም። ፎርማሊን ደግሞ ደህናውን ክር የተበጣጠሰ ያስመስለዋል። እና ቁጥሩ ይወርዳል፣ ጤነኛው ሰው «ነርቭህ ተጎድቷል» ይባላል። አንድ ጊዜ የመጣልን ብልቃጥ ላይ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ግራ ይሁን ቀኝ እግር ሁሉም በሚያምር ጽሕፈት ሰፍሯል። ክዳኑን ስንከፍተው ሽታው ነገሩን ጨረሰው። ሰውየው ከክፍለ ሀገር ተጠርቶ እንደገና ተቆረጠ። እባካችሁ፣ ታካሚው ከመምጣቱ በፊት ዛምቦኒ ወይም ፒኤልፒ የሚባለውን ማቆያ አዘጋጁ። ናሙናው እዚያ ውስጥ በ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ ቢበዛ 24 ሰዓት ይቆያል።

ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሊታይ ሲሰነጠቅም አቆራረጡ እንደ ዕጢው አይደለም። 4 ወይም 5 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) አድርጋችሁ ካሳሳችሁት ክሩን መከተል አይቻልም። 50 ማይክሮን ይሁን።

«የሚያመኝ እዚህ ጋ ነው» ስላለ ብቻ ከእግር ጣቱ ላይ አትውሰዱ። ከውጪኛው ቁርጭምጭሚት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ውሰዱ። የማነጻጸሪያው ቁጥር የተሠራው ለዚያ ቦታ ነው። ቁጥሩ በዕድሜና በጾታም ይለያያል፣ የ70 ዓመት አዛውንትን ከ25 ዓመት ወጣት ጋር አታወዳድሩ።

ቆዳውን በፎርሴፕስ (በመቆንጠጫ) አትጨምቁት።

ክሮቹ አነሱ ማለት ምክንያቱ ታወቀ ማለት አይደለም። ስኳር፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ኤችአይቪ ሳይታዩ ውጤቱን ይዞ የሚሮጥ ሐኪም አለ።

ነጣ ብሎ የደነዘዘ የቆዳ ምልክት ያለው ሰው ሲመጣ ደግሞ፣ በተለይ እኛ አገር፣ መጀመሪያ ሥጋ ደዌ ይታሰብ። ያኔ ናሙናው የሚወሰደው ከምልክቱ ጠርዝ ነው፣ ከቆዳው ስር ያለው ስብ ድረስ ጠልቆ። እዚያ ላይ ፎርማሊን ብትጠቀሙ ከእኔ ጋር ጠብ የለንም።