ሁለት ራይት፣ 40 ሚሊሰከንድ መዘግየት

በሲ የተጻፈ ደንበኛ ፕሮግራም እዚያው ስዊች ላይ ወዳለ ሊኑክስ ሰርቨር 208 ባይት ጥያቄ ልኮ መልስ ለማግኘት 40 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበት ነበር። ሂሳቡ ይህን አይልም፦ 1,664 ቢት በ100 ሜጋቢት መስመር 17 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው፤ 100 ሜትር ኬብል የሚጨምረው ግማሽ ማይክሮሰከንድ ብቻ።

ችግሩ ያለው አላላኩ ላይ ነው። 8 ባይቱ ሄደር (የጥያቄው መግለጫ) በአንድ ራይት (ዳታ የመላኪያ ጥሪ)፣ 200 ባይቱ ዳታ በሌላ ራይት ይሄዳል። የኔግል አልጎሪዝም (ትናንሽ ፓኬቶች እንዳይበዙ የሚያደርግ የቲሲፒ ደንብ) ለመጀመሪያው ፓኬት አክ (የመድረሱ ማረጋገጫ) እስኪመጣ ሁለተኛውን ይይዘዋል። ሰርቨሩ ደግሞ ጥያቄው ስላልተሟላለት መልስ የለውም፤ አኩንም ከመልሱ ጋር አብሮ ለመላክ ሲጠብቅ 40 ሚሊሰከንድ ያቆየዋል። ሊኑክስ ግንኙነቱ ሲጀመር አክ ቶሎ ስለሚልክ የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ፈጣን ሆነው ያሳስታሉ፤ መለካት ያለበት በዚያው ግንኙነት ላይ ደጋግሞ ነው።

ሁለቱን ክፍሎች በራይትቪ (ብዙ ክፍሎችን በአንድ ጥሪ የሚልክ ራይት) አንድ ላይ መላክ መዘግየቱን አጠፋው። ኔግልን የሚያጠፋውን ምርጫ ቲሲፒ_ኖዲሌይን በሴትሶክኦፕት (የሶኬት ምርጫዎችን በሚያስተካክል ጥሪ) ማብራትም ይሠራል፣ ግን ሁለት ፓኬት መሄዱ አይቀርም፤ ራይትቪ ይሻላል። ራይትቪ የሚመልሰው የተላኩ ባይቶች ቁጥር ከ208 ካነሰ ቀሪውን መላክ ግድ ነው። ሁለቱ ፕሮሰሶች አንድ ማሽን ላይ ከሆኑ ዩኒክስ ዶሜይን ሶኬት ይበቃል፤ እዚያ ኔግል የለም።