አሜሪካ አዲስ ለገባችሁ የባሕር ዳር ልጆች፦ ለክፉ ቀን ምን ይቅደም?

አዲስ የገባ ሰው ስለ አደጋ ዝግጅት ሲሰማ ቶሎ የሚታየው ዕቃ መግዛት ነው። የእጅ ባትሪ፣ የታሸገ ምግብ፣ ትልቅ ቦርሳ። ቆይ፣ አትቸኩሉ። መብራትና ውሃ ጠፍቶ መሰንበትን ባሕር ዳር በደንብ አስተምራናለች፣ ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ ለኛ ብርቅ አይደለም። የሚጎድለን ሌላ ነው።

መጀመሪያ አድራሻ። እኛ ጋ "ከጊዮርጊስ አለፍ ብሎ፣ ከሱቁ ጎን ያለው ሰማያዊ በር" ካላችሁ ሰው ጠይቆም ቢሆን ይደርሳል። እዚህ ግን የአደጋ ጊዜ ስልክ ወደሆነው 911 ስትደውሉ የቤት ቁጥር፣ የመንገድ ስምና የአፓርታማ ቁጥር ትጠየቃላችሁ። ሞባይሉ አካባቢውን ቢያሳያቸውም ስንተኛ ፎቅ፣ የትኛው በር የሚለውን ይነግራቸዋል ብላችሁ አትተማመኑ። በትልቁ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። ልጆችም በቃላቸው ይያዙት። እንግሊዝኛው አልሆን ካለ "አምሃሪክ" በሉና ስልኩን ሳትዘጉ ጠብቁ፣ ብዙ ቦታ በዚያው መስመር አስተርጓሚ ያስገቡላችኋል።

ቀጥሎ እሳትና ጭስ። ቡና ሲቆላ ኮርኒሱ ላይ ያለችው የጭስ ማስጠንቀቂያ መጮኋ አይቀርም። ሰዉ ምን ያደርጋል? ባትሪዋን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ይወረውራል፣ ወይ በፌስታል ጥፍር አድርጎ ያስራታል፣ ከዚያ ይረሳታል። ሌሊት እሳት ቢነሳ ማን ይቀስቅሳችሁ? መስኮት ክፈቱ፣ ከምድጃው በላይ ያለውን ፋን አብሩ፣ በፎጣ አራግቡ። እሷን ግን አትንኳት። በወር አንዴ ቁልፏን ተጭናችሁ መሥራቷን እዩ።

ከሰል ደግሞ የባሰ ነው። ባሕር ዳር ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠላል፣ በሩም መስኮቱም ክፍት ነው። እዚህ ቤቱ ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ ጥርቅም ተደርጎ የተሠራ ነው። ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል፣ ተኝቶ የነበረማ ሳይነቃ ይቀራል። በፈረንጆቹ የካቲት 2021 ቴክሳስ በዚያ ሁሉ ብርድ መብራት ሲጠፋ፣ ለመሞቅ ብለው ቤት ውስጥ ከሰል ያቀጣጠሉ፣ ጄኔሬተር ወይም ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስነሱ ብዙ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ተመርዘዋል፣ የሞቱም አሉ። መብራት ከጠፋ ሁላችሁም አንድ ክፍል ግቡ፣ ብርድ ልብስ ደራርቡ። ያን ቀን ረከቦቱ ይቅርባችሁ። የዚህን ጋዝ ማስጠንቀቂያም ቤታችሁ መኖሩን አከራዩን ጠይቁ።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ ማለትም ወደ 4 ሊትር ያዙ፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን። ምግቡ ብዙ አያሳስብም፤ እናቶቻችን በሻንጣ የጠቀጠቁት በሶና ዳቦ ቆሎ እሳት አይፈልግ፣ ቶሎ አይበላሽ። የሚወሰድ መድኃኒት ካለና ትንሽ ዝርዝር ዶላር ከፓስፖርቱ፣ ከመግቢያ ወረቀቱና ከልደት ካርዱ ጋር ውሃ በማያስገባ ከረጢት በር አጠገብ ይቀመጥ።

ስትጠፋፉ ሁላችሁም የምትደውሉለት አንድ ሰው ምረጡ። ባሕር ዳር ያለችውን እናት አታድርጓት፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ማለት ብርቅ አይደለም፣ እሷንም በከንቱ ታስጨንቃላችሁ። ሌላ ስቴት ያለ ዘመድ ይሻላል፤ ለእማዬ የሚነግራት እሱ ይሁን። መስመር ሲጨናነቅ ቴክስት ላኩ፣ ከጥሪ ይልቅ እሱ ያልፋል።

ትንሽ ገንዘብ ከተረፈ የተከራይ ኢንሹራንስ ግቡ። የአከራዩ ኢንሹራንስ ለሕንፃው እንጂ ለእናንተ ፍራሽና ቲቪ አይከፍልም።