ባለ 16 ወይስ ባለ 18 ጫማ የአልሙኒየም ጀልባ?

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት እንዳለው ሚል ላክስ ባለ ሰፊ ሐይቅ ላይ የምትወጡ ከሆነ ባለ 18 ጫማውን ምረጡ። ሐይቁ ለስፋቱ ጥልቀት የለውም፤ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ የተቀራረበና ቀጥ ብሎ የሚቆም ስለሚሆን ትንሹ ጀልባ አፍንጫውን ይደፋል። ለትንንሽ ሐይቆች 16ቱ ይበቃል።

ግን ርዝመቱን ብቻ አትዩ። ሥሩ ጥልቅ ቪ የሆነ (እንደ V ፊደል ወደ ታች የሾለ) ጀልባ ከውሃው ብድግ ብሎ ለመንሸራተት ጉልበት ይፈልጋል፤ ትልቁን በደካማ ሞተር ከመግዛት ትንሹን በበቂ ሞተር መግዛት ይሻላል። ጀልባው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ከተጻፈው ከፍተኛ የፈረስ ጉልበት አትለፉ፣ ከ80 በመቶውም አትውረዱ።

በመኪና የሚጎተተውን ክብደት ስታሰሉ በጀልባው ላይ ሞተሩን፣ ጀልባው የሚጫንበትን ተጎታች፣ ባትሪዎቹንና ቤንዚኑን ደምሩ (100 ሊትር ቤንዚን 75 ኪሎ ገደማ ነው)። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የሞተሩን የታችኛውን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ሞተሩ የታሰረበት የኋላ ግድግዳ አብሮ ከተወዛወዘ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሶ ሊሆን ይችላል።