የጨረታ ግምገማ የሚበላሽባቸው ቦታዎችና መፍትሄያቸው

ተጫራች ጠፋ። ከሰነዱ ጋር የተያያዘውን ዝርዝር መግለጫ እንደገና አንብቡት። የአንድ አምራች ሞዴል ቁጥር ተገልብጦበት ከሆነ ሌላው ለመወዳደር አይደክምም። የሚፈለገውን አቅም ጻፉ፤ ስም መጥራት ግድ ከሆነም «ወይም ተመጣጣኝ» የሚለውን ጨምሩ።

ዋጋው በእጥፍ ተራራቀ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያልጠራ የሥራ ወሰን ነው። አንዱ ሥልጠናንና የአንድ ዓመት ጥገናን አስልቷል፣ ሌላው ተከላውን ብቻ። ሁሉም የሚሞሉት አንድ የዋጋ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፤ የሠልጣኝ ቁጥር፣ የጥገና ወራትና ታክስ በየረድፋቸው ይቀመጡ። ሰነዱ ወጥቶ ከሆነ ማሻሻያውን ለሁሉም በጽሑፍ ላኩና ቀነ ገደቡን አራዝሙ። ፖስታ ከተከፈተ በኋላ ማብራሪያ ይጠየቃል፣ ዋጋ ግን አይነካም።

ለአንድ ፕሮፖዛል አንዱ ገምጋሚ 9፣ ሌላው 4 ሰጠ። መስፈርቱ «የአሠራር ዘዴ፦ 10 ነጥብ» ብሎ ስላቆመ ነው። 0፣ 5 እና 10 ምን ሲቀርብ እንደሚሰጡ ጻፉ፤ ለምሳሌ 5፦ ዘዴው ተብራርቷል፣ የጊዜ ሰሌዳና ኃላፊ ባለሙያ ግን የለውም። ገምጋሚዎች መጀመሪያ ለየብቻ ነጥብና ምክንያት ይጻፉ፣ ከዚያ በተራራቁት ላይ ይወያዩ። አማካይ ወስዶ ማለፍ ስህተቱን መሸፈን ነው።

አሸናፊው በሦስተኛ ሰው ዋጋ ተቀየረ። ይህን ብዙ ኮሚቴ ልብ አይለውም። ቴክኒክ 70፣ ዋጋ 30 ነው እንበል፤ የዋጋ ነጥብ የሚሰላው ዝቅተኛውን ዋጋ ለተጫራቹ ዋጋ አካፍሎ በ30 በማባዛት ነው። «ሀ» በቴክኒክ 58 አግኝቶ 800 ሺህ፣ «ለ» 63 አግኝቶ 1 ሚሊዮን ቢያቀርቡ፣ ድምሩ 88 ለ87 ይሆንና «ሀ» ያሸንፋል። በቴክኒክ 40 ብቻ ያገኘ «ሐ» 400 ሺህ ይዞ ሲገባ የ«ሀ» የዋጋ ነጥብ ከ30 ወደ 15፣ የ«ለ» ከ24 ወደ 12 ይወርዳል። ድምሩ 73 ለ75 ሆነና «ለ» አለፈ! «ሐ» ራሱ በ70 ተሸንፏል፤ የሁለቱን ተራ ግን ገልብጧል።

መድኃኒቱ ቴክኒክና ዋጋን በሁለት ፖስታ መቀበልና የማለፊያ ነጥብ ማስቀመጥ ነው፤ ከ70ው 49 ቢሆን «ሐ» ይወድቃል፣ የዋጋ ፖስታውም ሳይከፈት ይመለስለታል። የማለፊያ ነጥቡ ከመጀመሪያው በጨረታ ሰነዱ ላይ መስፈር አለበት፤ ውጤት ከታየ በኋላ የመጣ ገደብ አቤቱታ ቢቀርብበት አይጸናም።